ሳይካትሪስት፣ ሳይኮሎጂስት ወይስ የአእምሮ ነርስ? ድሬ ላይ ማን ጋ ልሂድ?

የሳቢያኗ መምህርት፦

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ድንገት የሚነሳብኝ ነገር አለ። ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ነው የሚመስለው። ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ በቃ አሁን ሞትኩ እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ ይለቀኛል፣ ግን ቀኑን ሙሉ አቅም የሚባል አይኖረኝም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ መጣብኝ። ጠመኔውን ጥዬ ወጣሁ፣ ከፊት የሚቀመጡት ልጆች ደንግጠው ተከተሉኝ። ከዚያ ወዲህ "ዛሬስ ይመጣብኝ ይሆን?" እያልኩ በር ላይ እቆማለሁ። ታይዋን ገበያ መሄድም ትቻለሁ፣ ግርግሩ መሃል ብወድቅስ ብዬ።

የልብ መስሎኝ ነበር። የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ተነሳሁ፣ የደም ማነስም የእንቅርት ሆርሞንም ታየልኝ፣ ሁሉም ደህና ነው። ያየኝ ሐኪም ወረቀቱን መለሰልኝና "ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው፣ አታስቢ" ብሎ ቀጣዩን ታካሚ አስጠራ። ጭንቀት ከሆነ ማን ነው የሚያክመው? እሱን አልነገረኝም።

ሰው ስጠይቅ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ይላል። ጓደኛዬ "ሳይካትሪስት ነው የሚያስፈልግሽ" ትላለች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ "መድኃኒት እንዳትጀምሪ፣ ሳይኮሎጂስት ፈልጊ" ይላል። የሥራ ባልደረባዬ አንዲት የአእምሮ ነርስ በጣም ጎበዝ ናት አለችኝ፣ ነርስ ግን ይህን ታክማለች? ከዚራ አካባቢ "የምክር አገልግሎት" የሚል ታፔላም አይቻለሁ፣ ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደተማረ ግን አላውቅም። እናቴ ደግሞ ጸበል ትላለች፣ እሷንም ማስቀየም አልፈልግም።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። እነዚህ ሰዎች ምን ተምረው ነው የሚያክሙት? ማን ነው መድኃኒት የሚያዘው? ገብቼ ስቀመጥስ ምንድን ነው የሚያደርጉት? ዝም ብሎ ማውራት ከሆነ ከእህቴ ጋርም አወራለሁ።


ነርስ ከሐረር፦

እህቴ፣ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፣ ሥራዬ ሐረር ነው። መጀመሪያ ምርመራዎቹን መጨረስሽ በጣም ጥሩ ነው። የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛ፣ ደም ሲያንስ፣ የልብ ምት ሲዛባ ይሄው ዓይነት ስሜት ይመጣል፣ እሱን ሳያጣሩ ጭንቀት ነው ማለት ልክ አይደለም። የገለጽሽው ግን እኛ ጋ ዘወትር የሚመጣ ነገር ነው። ፓኒክ አታክ፣ ማለትም ድንገት የሚነሳ ከባድ ፍርሃት፣ ይመስላል። ሳላይሽ በሽታሽ ይህ ነው አልልሽም። ከሆነ ግን በደንብ የሚታከም ነገር ነው፣ ከሕክምናው በኋላ ወደ ክፍላቸውም ወደ ገበያቸውም የተመለሱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሳይካትሪስት መጀመሪያ እንደማንኛውም ዶክተር ሕክምና ተምሮ የተመረቀ፣ ከዚያ ለዓመታት በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ያልሆኑበት ምክንያት አለ። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ይህን ስፔሻሊቲ እዚህ የሚያስተምር ተቋም አልነበረም፣ ሐኪሞቹ ውጭ ሄደው ነበር የሚማሩት። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ጀመረ፣ የቶሮንቶ መምህራን እየተመላለሱ አስተማሩ። እዚሁ የተማሩ ሳይካትሪስቶች መውጣት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ ውጭ ያለውን ሰው ማን ነበር የሚያክመው? ነርስ ነው። አገሪቱ ለረጅም ጊዜ የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነበር። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ነርሶች በአእምሮ ሕክምና እየሠለጠኑ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመደቡ፣ ክፍሉን ከፍተው፣ መርምረው፣ መድኃኒት አዝዘው፣ ክትትሉን ይዘው የቆዩት እነሱ ናቸው። ዛሬ በሳይካትሪ ነርሲንግ ዲግሪ አለ፣ በአእምሮ ጤና ማስተርስም አለ። እዚህ ሐረር ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅም የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው። ስለዚህ ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታልም ሄድሽ ሐረር ሕይወት ፋና፣ መጀመሪያ የሚያይሽ ነርስ ቢሆን "ዶክተር የለም እንዴ?" ብለሽ አትመለሺ። ጉዳዩ ከእሱ አቅም በላይ ከሆነ ወደ ሳይካትሪስት ይልክሻል።

ጤና ጣቢያ ላይም የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ባለሙያ በሌለበት ቦታ የአእምሮ ሕመም እንዲታከም ብሎ ያወጣው መመሪያ አለ፣ ኢትዮጵያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠርታበታለች። ጉራጌ አካባቢ ሶዶ ወረዳ ላይ የተሠራና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 329 ሰዎች ነበሩበት። ግማሾቹ በቅርባቸው ባለ ጤና ጣቢያ፣ ግማሾቹ ሆስፒታል የአእምሮ ነርስ ጋ እየተመላለሱ ታከሙ። ጤና ጣቢያ የታከሙት ከሌሎቹ ያነሰ ውጤት አላገኙም። ይህን የምነግርሽ የአንድ ሰው ማዕረግ ብቻ አይተሽ እንዳትመርጪ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል ላልሽው። መጀመሪያ ቀን ጥያቄው ይበዛል። እንቅልፍሽን፣ ምግብሽን፣ ሥራሽን፣ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ኖሮ እንደሆነ፣ ምን ስታደርጊ እንደሚነሳብሽ እንጠይቃለን። "ሞትን ተመኝተሽ ታውቂያለሽ?" ብለንም እንጠይቃለን። ይህ ሁሉም የሚጠየቀው ነው፣ መጠየቁ ሐሳቡን ሰው ላይ አያመጣም፣ እንዲያውም ብዙ ሰው ሲጠየቅ ይቀልለዋል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ካለብሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ስለ ጫትም እንጠይቃለን፣ እባክሽ እዚህ ላይ አትደብቂ። የኛ አገር ሰው በርጫ ላይ መቀመጡን እንደ ነገር አይቆጥረውም፣ "ትንሽ ብቻ" ይላል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን የሚያነቃቃ ነገር ነው፣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ያባርራል። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውን ፍርሃት ደግሞ የቃመ ያውቀዋል። አትቅሚም ይሆናል፣ ግን ቡናሽንም ቁጠሪ። ሦስቱንም ስኒ እየጠጡ ልቤ መታ የሚሉን ሰዎች አሉ፣ ቡናውን ቀንሰው ብቻ በግማሽ የተሻላቸው አይቻለሁ።


የለገሀሩ፦

አቦ ነርሷ እውነቷን ነው። የኔ ታሪክ ካንቺ ይለያል፣ ግን ይጠቅምሽ ይሆናል።

ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ድምፅ መስማት ጀመረ። ሌሊት ሌሊት ግቢው ውስጥ እየዞረ ከማይታይ ሰው ጋር ይከራከር ነበር። መጀመሪያ የወሰድነው አንድ የግል ቦታ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ሰውዬው ወንድሜን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም፣ እኛን ጠይቆ መድኃኒት ጻፈና ጨረሰ። ምን እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግ አልነገረንም። ልጁ አንገቱ ተገተረ፣ ምራቁ መፍሰስ ጀመረ፣ እናቴ "መርዘውት ነው" ብላ ኪኒኑን ሽንት ቤት ጣለችው። ሕመሙ በአዲስ መልክ ተነሳበት።

ኋላ ሆስፒታል ያገኘነው የአእምሮ ነርስ ግን ሌላ ሰው ነው። ወንድሜን ወንበር ስቦ አጠገቡ አስቀመጠው፣ መጀመሪያ እሱን "ምን ይሉሃል ድምፆቹ?" ብሎ ጠየቀው። ከዚያ ለእናቴ በኦሮምኛ ቁጭ ብሎ አስረዳት። አንገቱ የተገተረው ከሚወስደው መድኃኒት፣ ከሃሎፔሪዶል፣ መሆኑን፣ ለእሱም ማስታገሻ መድኃኒት መኖሩን፣ መጠኑን መቀነስ እንደሚቻል ነገራት። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ኪኒኑን የምትቆጥረው እሷ ራሷ ናት። አሁን በየወሩ የሚወጋ መርፌ ላይ ነው፣ ሱቅ ያግዘኛል፣ ደህና ነው ተመስገን።

ሳይካትሪስትም አይቶታል፣ መጀመሪያ ላይ ሪፈር ተጽፎልን አማኑኤል ድረስ ሄደናል። ምርመራውን ያረጋገጡልን እነሱ ናቸው፣ ያም ያስፈልግ ነበር። ግን በየወሩ ፊቱን የሚያየው፣ ቀጠሮ ሲቀር ስልክ የሚደውለው ያ ነርስ ነው። እና እህቴ፣ የምትሄጂበት ሰው ካንቺ ጋር እያወራ ነው ወይስ ስለ አንቺ እየጻፈ ብቻ ነው፣ እሱን እይ።


ሳይኮሎጂስቷ፦

የድሬ ልጅ ነኝ፣ አሁን አዲስ አበባ ነው የምሠራው፣ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ አለኝ።

ከራሴ ሙያ ልጀምር፣ ብዙ መደናገር ያለው እዚህ ነው። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ስለ ልጅ ዕድገት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጥናትና ምርምር፣ ስለ ሰው ባሕርይ ተምሯል። ጥሩ ዕውቀት ነው፣ ትምህርት ቤትና ድርጅት ውስጥ ይሠራበታል። ሰው ለማከም ግን ብቻውን አይበቃም። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ከዚያ በላይ ተምሮ፣ ታካሚ እያየ፣ ያየውንም ከእሱ የበለጠ ልምድ ላለው ሰው እያቀረበና እየታረመ የሠለጠነ ነው። እኛ መድኃኒት አናዝም። ሳይኮሎጂስት ነኝ ብሎ ኪኒን የሚሰጥሽ ካለ ተነሽና ውጪ።

"ከእህቴ ጋርም አወራለሁ" ላልሽው፣ ከእህትሽ ጋር ማውራቱን አታቁሚ፣ ግን የንግግር ሕክምና ሌላ ሥራ ነው። ላንቺ ዓይነቱ ችግር በጣም የተጠናው ሲቢቲ የሚባለው፣ ሐሳብንና ድርጊትን በመለወጥ ላይ የሚሠራ የንግግር ሕክምና ነው። አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ ሳይካትሪስት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለድብርት የጀመረው ነው። ፓኒክ ላይ ደግሞ እንግሊዛዊው ዴቪድ ክላርክ በ1986 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሐሳብ ብዙ ነገር ቀይሯል። ሐሳቡ ይህ ነው። ልብሽ ትንሽ ይመታል፣ ደረጃ ስለወጣሽ ወይም ስለሞቀሽ ሊሆን ይችላል፣ የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ። አንቺ ያንን "ልቤ ሊቆም ነው" ብለሽ ትተረጉሚዋለሽ። ትደነግጫለሽ። ስትደነግጪ ልብሽ ይብስ ይመታል፣ ትንፋሽሽ ይፈጥናል፣ ከመጠን በላይ ስትተነፍሺ ደግሞ ጣትሽ ይደነዝዛል። ጣትሽ ሲደነዝዝ "ይኸው!" ትያለሽ። እንዲህ እያለ በደቂቃዎች ውስጥ ጣራ ይነካል፣ ከዚያ ሰውነት ራሱ ስለሚደክም ይወርዳል።

ሕክምናው ይህንን አዙሪት ይቆርጣል። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። መጀመሪያ የመጨረሻው ጊዜ እንዴት እንደጀመረ ከደቂቃ ደቂቃ እንጽፋለን፣ ምን ተሰማሽ፣ ምን አሰብሽ፣ ምን አደረግሽ። ከዚያ እዚያው ቢሮ ውስጥ ስሜቱን ሆን ብለን እናመጣዋለን። ታካሚዬን ቆማ ባለችበት እንድትሮጥ፣ በፍጥነት እንድትተነፍስ፣ በሚሽከረከር ወንበር ላይ እንድትዞር አደርጋለሁ። የልብ ወይም የአስም ችግር ወይም እርግዝና እንደሌለ አስቀድሜ ጠይቄ ነው። ልቧ ይመታል፣ ጣቷ ይደነዝዛል፣ እና አትሞትም። መጽሐፍ ቢነበብላት የማይገባት ነገር እዚያ ወንበር ላይ ይገባታል። ቀጥሎ የቤት ሥራ አለ። ላንቺ ታይዋን ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ከገበያው ዳር በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከሰው ጋር፣ ከዚያ ገባ ብሎ፣ ከዚያ ብቻሽን፣ ከዚያ ገበያው ሞልቶ። ሲነሳብሽ ሸሽተሽ ሳትወጪ እስኪወርድ እዚያው ትቆያለሽ። ብዙ ጊዜ በጠቅላላ ከ7 እስከ 14 ሰዓት የሚሆን ሥራ ነው፣ በየሳምንቱ ተከፋፍሎ። ዓመት ሙሉ የሚፈጅ አይደለም።

ሌላም አቀራረብ አለ። ልጅነት ላይና ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት ላይ የሚያተኩር ቴራፒስት አለ፣ ለሌላ ሰው ሌላ ጊዜ ይጠቅማል። ሐዘን፣ የትዳር ጠብ፣ ስደት ላይ ቆሞ የቀረን ሰው የሚረዳም አለ። ሁሉም በኛ ዓይነት ባለሙያ ብቻ ይሰጣል ማለትም አይደለም። ዚምባብዌ ውስጥ ሠልጥነው ጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው የሚረዱ እናቶች አሉ፣ ሰውዬው ችግሩን ቆራርሶ አንድ በአንድ እንዲፈታው ያግዙታል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት እንዳሳየው የእነሱ ታካሚዎች ከተለመደው ሕክምና ይልቅ ተሽሏቸዋል። እነዚያ እናቶች ግን ሠልጥነዋል፣ የሚከታተላቸው ባለሙያም አለ፣ ነገሩ ከአቅማቸው ሲያልፍ ይልካሉ።

አሁን ወደ ታፔላው። "አማካሪ" የሚለውን ማንም ሊሰቅለው ይችላል፣ ጎበዝ ሰውም ሊኖርበት ይችላል፣ ስለዚህ ገብተሽ ጠይቂ። ምን ተማርክ? የት? የሙያ ፈቃድህን ማየት እችላለሁ? ለፓኒክ ምን ዓይነት ሕክምና ነው የምትሰጠው? በስንት ጊዜ ለውጥ እንጠብቅ? ካልተሻለኝስ ማን ጋ ትልከኛለህ? ይህን ስትጠይቂው የሚቆጣ ሰው ጋ አትቀመጪ። በአንድ ቀን ነቅዬ አወጣልሻለሁ የሚልም እንደዚያው። ምክር ብቻ ከሰጠሽም፣ "ጠንክሪ፣ ጸልዪ፣ አግቢ" ዓይነቱን፣ እሱ ሕክምና አይደለም።

ወንድምሽ መድኃኒት እንዳትጀምሪ ያለውን ግን አልስማማበትም። ፍሎክሰቲንና መሰሎቹ የድብርትና የጭንቀት መድኃኒቶች ለፓኒክ ይሠራሉ፣ ድሬ ላይ ሲቢቲ የሚሠራ ሰው እስክታገኚ ብዙ ከቆየሽ መድኃኒቱ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ዝርዝሩን ነርሷ ብትነግርሽ ይሻላል።


ነርስ ከሐረር፦

እሺ ልጨምር። እነዚህ መድኃኒቶች ቶሎ አይሠሩም፣ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ እንዲያውም ጭንቀቱን ትንሽ ሊጨምሩት ይችላሉ፣ ለዚህ ነው በትንሽ መጠን የምንጀምረው። ይህን ያልተነገረው ሰው በአራተኛው ቀን ጥሎት ይጠፋል። ሲሻልሽም በድንገት አይቆምም፣ ለወራት ይቀጥልና ቀስ ተብሎ ይቀነሳል። ዲያዜፓም ግን ሌላ ነው። ወዲያው ያረጋጋል፣ ስለዚህ ሰው ይወደዋል፣ ከቆየ ግን ሱስ ሊሆን ይችላል። ከፋርማሲ በሰው ምክር እንዳትገዢው፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ የሚጽፍልሽ ካለም ለምን ብለሽ ጠይቂ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ መጀመሪያውኑ ተናገሪ።


የጁገል ልጅ፦

ስለ ጸበሉ ማንም አልመለሰልሽም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ግን ጉዳዩ አንድ ነው።

አክስቴ ሦስተኛ ልጇን ወልዳ ተኝታ ቀረች። ልጁን አትይዝም፣ አትበላም፣ ግድግዳ ታያለች። ሰው ዓይን ነው፣ ጂን ነው አለ። አንድ ሸኽ ጋ ወሰድናት፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። ቁርኣን ቀሩባት፣ ከዚያ ባሏን ወደ ውጭ ጠርተው "እኔ ዱዓዬን አላቋርጥም፣ አንተ ነገ ጠዋት ሆስፒታል ውሰዳት፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው፣ ከዚህ በፊት አይቻለሁ" አሉት። ባሏ ከማንም ዶክተር ይልቅ የእሳቸውን ቃል ነው የሰማው። አክስቴ ታከመች፣ ልጁን አቅፋ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ዕለት ቤቱ ሁሉ አለቀሰ።

እናትሽን አትጋፊያት። ጸበሉን ከእሷ ጋር ሂጂ፣ የኛም ሰው ዱዓውን ይዞ ነው የሚታከመው። መድኃኒት ከጀመርሽ ግን "ሃይማኖትና ኪኒን አብረው አይሄዱም" የሚልሽን ሰው እንዳትሰሚ፣ ቄስም ይሁን ሸኽ። አጥብቀሽ ያዢው። ሰንሰለት ላይ ታስሮ የሚኖር ሰው ሠፈራችን ውስጥ አይቻለሁ፣ መድኃኒቱን በዚህ ምክንያት ያቋረጠ።


የሳቢያኗ መምህርት፦

እጃችሁ ይባረክ፣ ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። የልብ መምታቱንና የጣት መደንዘዙን እንዲያ ተገጣጥሞ ሲጻፍ ሳየው ዕንባዬ መጣ፣ የተጻፈው የኔው ነገር ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ድሬ ትንሽ ናት። ሆስፒታል ካርድ ክፍል ላይ የተማሪ ወላጅ ይኖራል፣ ወረፋ ላይ ጎረቤት ይኖራል። የአእምሮ ክፍል በር ላይ ተቀምጬ ከታየሁ "መምህርቷ አበደች" ነው የሚባለው። ይህንን እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትችሉት?


ነርስ ከሐረር፦

ይህ ከባድ ነው፣ ቀላል ነው አልልሽም። ታካሚዎቼ መሃል ፊታቸውን ሸፍነው የሚመጡ አሉ፣ እኔም ምንም አልላቸውም።

ከድሬ ሰው ሐረር ይመጣል፣ ከሐረር ሰው ድሬ ይሄዳል፣ ለዚሁ ብሎ። ሚኒባስ ይዘሽ ደንገጎን ወጥተሽ፣ ሐረማያን አወዳይን አልፈሽ ነው፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ። ጠዋት ወጥተሽ ከሰዓት ትመለሻለሽ። ክትትል ላይ ስትሆኚ መመላለሱ ያደክማል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሐረር ታይተሽ ከተረጋጋሽ በኋላ ወደ ድሬ መዛወርም ይቻላል፣ ወረቀት ይጻፍልሻል።

የነገርሽን ነገር የሙያ ምስጢር ነው። ለባልሽም፣ ለርዕሰ መምህሩም፣ ለእናትሽም አይነገርም፣ አንቺ ካልፈቀድሽ። የራስሽ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ ነው ይህ የሚለወጠው፣ እሱንም መጀመሪያ ቀን ይነግሩሻል። ካልነገሩሽ ጠይቂያቸው። በሩ ክፍት ሆኖ፣ ሌላ ሰው እየገባ እየወጣ የሚጠይቁሽ ከሆነ "በሩ ይዘጋልኝ" በይ፣ መብትሽ ነው። ለሥራ የዕረፍት ወረቀት ካስፈለገሽም ምን እንደሚጻፍበት ከመጻፉ በፊት ተነጋገሩበት።


የለገሀሩ፦

የሰው አፍ ነገር፣ የኛም ሠፈር መጀመሪያ ብዙ አወራ። አሁን እነዚያው ሰዎች "ልጃችን እንዲህ ሆኖብናል፣ የት ነበር የወሰዳችሁት?" ብለው ማታ ማታ ሱቄ ይመጣሉ። አድራሻውን ጽፌ እሰጣቸዋለሁ። ስንት ሰው ቤቱን ዘግቶ እንደሚሰቃይ ያወቅኩት ያኔ ነው።


የሳቢያኗ መምህርት፦

ሐረር እሄዳለሁ። ለእህቴ ነግሬያታለሁ፣ አብራኝ ትመጣለች። ለእናቴ ደግሞ ቅዳሜ ጸበል እንደምንሄድ ነገርኳት፣ ደስ አላት። ምን ይዤ ልሂድ?


ነርስ ከሐረር፦

የኢሲጂውንና የደም ምርመራ ወረቀቶችሽን ሁሉ፣ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ከነካርቶኑ፣ የወሊድ መከላከያም ቢሆን። መቼ መቼ እንደተነሳብሽ፣ የት እንደነበርሽ፣ ያን ቀን ምን እንደጠጣሽና እንዴት እንደተኛሽ ማስታወሻ ላይ ጻፊው፣ ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ይረሳል። እህትሽ ትምጣ፣ ግን ከፊሉን ሰዓት ብቻሽን እንድትታዪ ጠይቂ። በጊዜ ድረሺ፣ ከሰዓት ወረፋው ይበዛል።


ሳይኮሎጂስቷ፦

የምታይሽን ነርስ ሲቢቲ የሠለጠነ ሰው ሐረር ወይም ድሬ ላይ ታውቅ እንደሆነ ጠይቂያት። ካጣሽ በቪዲዮ የሚሠሩ ባልደረቦች አሉኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ፓኒክ ላይ በስክሪንም በደንብ ይሠራል፣ የታይዋኑን የቤት ሥራ ግን እህትሽ ናት አብራሽ የምትሠራው።